ርካሽ ደሴት ፍለጋ

ከመቱ ከተማ ያለ ምክንያት ወጥቶ የሚሄድ ሰው የለም። ሰው ለለቅሶ ይሄዳል፣ ለሠርግ ይሄዳል፣ ለሕክምና ጅማ ይሄዳል፣ መሥሪያ ቤቱ ለሥልጠና ከላከው አዳማ ይሄዳል። ጠበልም አለ። ከእነዚህ ውጭ ሻንጣ ይዞ መናኸሪያ የታየ ሰው ወይ ተጣልቷል ወይ ሊቀር ነው። እኔ ግን ዕድሜዬ ወደ አርባ ሲጠጋ፣ ማንም ሳይሞትብኝ፣ ማንም ሳያገባ፣ ደሴት አማረኝ። ዙሪያውን ውኃ የከበበው፣ የሚያውቀኝ ሰው የሌለበት፣ አሸዋው ላይ ብጋደም «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» የሚለኝ የሌለበት ደሴት።

ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም ብል እዋሻለሁ። የመጣብኝ ከዝናቡ ነው። የእኛ አገር ዝናብ አንዴ ከጀመረ የዓመቱን ትልቁን ድርሻ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት አይደርቅም፤ ጫማ አልጋ ሥር እንደተቀመጠ ይሻግታል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አርፌ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ወንበር ላይ ቁጭ ካልኩ እግሬ ይነቃነቃል። እናቴ «ይቺ እግር የሰይጣን ናት» እያለች ስንቴ ጉልበቴን በእጇ ይዛ አስቁማኛለች። በዝናብ ወራት ቢሮዬ ውስጥ፣ በዞኑ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል፣ ደብዳቤ ስመዘግብ እውላለሁ፤ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ሲሄድ ይውላል። የትም ግን አይደርስም።

ችግሩ እናቴ ነበረች። ከሦስት ልጆቿ አጠገቧ የቀረሁት እኔ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ ዛሬ እዚያ ሱቅ አለው፣ ሚስት አለው፣ አማርኛ በቅጡ የማይናገሩ ልጆች አሉት። እህቴ ዱባይ የሄደችው ለአንድ ኮንትራት ነበር። ኮንትራቱ ሌላ ኮንትራት ወለደ፣ ያም ሌላ ወለደ፣ አሁን ማንም አይቆጥርላትም። ሁለቱም እመለሳለሁ ብለው ስለሄዱ በእኛ ቤት ይህ ቃል ማንንም አያጽናናም። እኔም በተራዬ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቼ ነበር፤ የእናቴ ደም ብዛት ሲነሳ ሻንጣዬን ፈታሁ። ሌላ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ሰው ሲጠይቀኝ «እናቴን ለማን ትቼ?» እላለሁ። ይህን ስል ሰዎች ከንፈራቸውን ይመጡልኛል፤ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ ያናድደኛል።

ስለዚህ ጥያቄው የትኛው ደሴት የሚለው ብቻ አልነበረም። እናቴን ለአንድ ሳምንት ትቼ መሄድ እችላለሁ ወይ፣ እሷስ ትችላለች ወይ የሚለው ነበር።

በዚያ ዓመት እቁብ ደረሰኝ። እቁብ የደረሰው ሰው በእኛ ከተማ የግል ሰው መሆኑ ያበቃል። አባላቱ ሁሉ በገንዘቡ ምን እንደሚደረግ ሐሳብ አላቸው። አንዷ ፍሪጅ አለች፣ አንዷ ቆርቆሮ ቀይሪ አለች፣ አንዱ በሬ ገዝተሽ ገጠር፣ ሁሩሙ አስደልቢ አለኝ። እኔ ለሁሉም «እያሰብኩበት ነው» እያልኩ ስልኬ ላይ ደሴት እፈልግ ነበር።

ፍለጋውን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አጠገቤ የምትቀመጠው የቢሮ ባልደረባዬ። ከእኔ በብዙ ዓመት የምታንስ፣ ስልኳ ከእኔ ስልክ የሚሻል፣ ለሰው ጉዳይ ከራሷ ጉዳይ ይልቅ የምትነቃቃ ልጅ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱ ጥግ ቆመን ኔትወርክ እንጠብቃለን። ፎቶ ሲከፈት ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ መጀመሪያ ሰማይ ይመጣል፣ ከዚያ የዘንባባው ጫፍ፣ ከዚያ የኢንተርኔት ጥቅሉ ያልቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ያየሁት የደሴቶችን ሰማይ ብቻ ነው። ሰማዩ ሁሉም ጋ ሰማያዊ ነበር፤ ለመምረጥ አልረዳኝም።

በሁለተኛው ሳምንት ማልዲቭስን አየናት፤ ቤቶቹ ውኃው ላይ ቆመዋል። ባልደረባዬ የአንድ ቀን ዋጋውን ወደ ብር ስትቀይረው ሁለታችንም ተሳሳቅን፤ ከዚያ ወዲያ ስሟን አንስተን አናውቅም። ሲሼልስም ብዙ አልቆየችም። ዝዋይን እኔ ራሴ ነኝ የሰረዝኩት። ለሥልጠና ሄጄ ጀልባ ላይ ወጥቻለሁ፤ ሐይቁም ደሴቱም ጥሩ ነው፣ ዓሣውም ጥሩ ነው፤ ግን ማዶው ይታያል። ማዶው ከታየ ምኑን ሄድኩት?

ቀጥላ ሞምባሳን አመጣችልኝ። «ለኬንያ ቪዛ አንጠየቅም፤ በሞያሌ በመኪና ይገባል፤ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው» አለችኝ።

«ሞምባሳ ከተማ ነው እንጂ ደሴት ነው እንዴ?»

«ደሴት ነው። ካርታውን እዪው።»

አየሁት። እውነቷን ነው፤ ዙሪያውን ውኃ አለው፤ ግን ውኃው ቀጭን ነው፣ ዋናው መሬት ጉያ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ደሴት ነው። ድልድይ ሁሉ አለው። እኔ መሬት የማይደርስበትን ነበር የፈለግሁት። እንዲህ ስላት «በነፃ የመጣልሽ ይመስል ታማርጫለሽ» አለችኝና ተኮራርፈን ዋልን። በማግስቱ ይቅርታዋ ዛንዚባር ሆኖ መጣ። ፎቶው እስከ ታች ተከፈተ፤ ነጭ አሸዋ፣ ጥልቀት የሌለው ጠራ ያለ ውኃ፣ አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ፣ ሰው የለም። ልቤ እዚያው ቀረ።

ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ነበር። ጊዜውም ሌላ ጣጣ ነው። የዓመት ፈቃድ የሚባለው ነገር በእኛ ዘንድ የቡና ፈቃድ ነው። እናቴ ሁሩሙ ላይ ከአባቴ የቀረላት ጥቂት የቡና መሬት አላት፤ በየዓመቱ ቡናው ሲቀላ ፈቃዴን ወስጄ ለቀማ እወርዳለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ግማሽ ሠራተኛ ያን ጊዜ ጫካ ውስጥ ነው፤ አለቃዬን ራሱን ቅርጫት ወገቡ ላይ አስሮ አግኝቼው አውቃለሁ። ፈቃዴን በሌላ ወር ልውሰድ ብል ያለ ቡና ምክንያት ማን ይሰጠኛል? ሰጡኝ። አለቃዬ ግን ሦስቴ «ደህና ነሽ ግን?» ብሎ ጠየቀኝ።

አዲስ አበባ ላለች የጉዞ ወኪል ደወልኩ። ቅልጥፍ ያለች፣ ችኩል ድምፅ ያላት ሴት ናት። «ርካሽ ነው የሚፈልጉት?» አለችኝ።

«በጣም ርካሽ።»

«ከፋሲካ በኋላ ይሂዱ። ማረፊያው በግማሽ ይወርዳል፤ ትኬቱም ይቀንሳል።»

«ለምንድን ነው የሚወርደው?»

«ያኔ ዝናብ ነው እዚያ» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጦርነት አለ የምትለኝ ይመስል።

ሳቅሁ። እኔን፣ የመቱን ሴት፣ በዝናብ ልታስፈራራኝ! ዝናብ የሚያስፈራው ፀሐይ የለመደውን ሰው ነው። ሌላው ዝናብ ፈርቶ የተወውን ደሴት እኔ በግማሽ ዋጋ እወስደዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ብልጠት ከዚህ በፊት በሕይወቴ አስቤ የማውቅ አልመሰለኝም። በዚያው ስልክ ላይ ያዥልኝ አልኳት። ዝናብ ሸሽቼ ዝናብ እንደገዛሁ የገባኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ለእናቴ ነገርኳት። ለዚህ ንግግር ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅቻለሁ። ስትቆጣ ምን እንደምላት፣ ስታለቅስ ምን እንደምላት፣ ደሜ ተነሳ ስትል ምን እንደምላት አውቃለሁ። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር።

«ደሴት?» አለች። «ጣና ነው? ጣናማ ሂጂ፤ ለእኔም ጠበል ታመጪልኛለሽ።»

«ጣና አይደለም እማዬ። ውጭ አገር ነው። ባሕር ላይ ነው።»

«ማን አለሽ እዚያ?»

«ማንም።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። ስምንት ቀን ብቻ ነው።»

እጇ ቆመ። ከዚያ «እሺ» አለች። ጎመኗን መቀንጠሷን ቀጠለች።

እናቴ በወጥ ጨው የምትከራከር ሴት ናት። በሆነው ባልሆነው ሁሉ ከእኔ ጋር ስትከራከር ነው የኖረችው። ለዚህ ግን «እሺ» ብቻ። ከዚያን ቀን ጀምራ ደግሞ ያለ ልማዷ ለሰለሰችብኝ። ሳህን ሳላነሳ ብሄድ ዝም፤ አምሽቼ ብገባ ዝም። አንዳንዴ ቀና ስል እያየችኝ አገኛታለሁ። ፈርታለች አልኩ። እንደ ሁለቱ ልጆቿ የምቀርባት መስሏታል፤ ስታዝን እንዳላይ ነው የምትለሳለሰው አልኩ። «እማዬ፣ በማርያም ስም፣ እመለሳለሁ» አልኳት።

«ማርያምን በዚህ አትጥሪ» አለችኝ ቆጣ ብላ።

ፓስፖርት ስይዝ ወሬው ከተማውን ዞረ። በእኛ ከተማ ፓስፖርት ያላት ሴት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያላት፤ ዓረብ አገር። የጎረቤታችን እትዬ፣ የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ፣ በአጥሩ በኩል አስቆሙኝ። እሳቸው ሲደነግጡ ኦሮምኛው ነው የሚቀድማቸው። «ኤኙቱ ዱኤ?» አሉኝ። ማን ሞተ ማለታቸው ነው።

«ማንም አልሞተም እትዬ። ልዝናና ነው የምሄደው።»

«ልጄ፣ ለእድሩ ምን ብዬ ላስረዳ? ሕመም እናውቃለን፣ ሐዘን እናውቃለን፣ የመንግሥት ሥራ እናውቃለን። አሸዋ ላይ ልተኛ ሄድኩ ብላ የቀረች አባል ግን እስከዛሬ አላየንም።»

«ስምንት ቀን ነው እኮ።»

«ቶሌ፣ ቶሌ» አሉ፣ እሺ እሺ እያሉ፣ እናቴ በምታየኝ ዓይን እያዩኝ።

ከመሄዴ በፊት ባለው እሑድ ሰው ቤታችን መጣ። ማንም ጠርቶት አልነበረም። አንዷ ቆሎ ይዛ፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ከያዮ የመጣ ማር በፕላስቲክ አጥብቃ አስራ። ሲስሙኝ ጥብቅ አድርገው ነው፤ ጆሮዬ ሥር «ስትደርሺ አትርሺን» ይሉኛል። ባልደረባዬ ብቻ ጥግ ላይ ቆማ ሳቋን ትውጣለች። እኔ ስምንት ቀን፣ ስምንት ቀን እያልኩ ለፈለፍኩ፤ ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። ማታ እናቴ ስንቅ አመጣች፤ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና፣ የበርበሬ ቋጠሮ። በርበሬውን ሳነሳው ከበደኝ።

«ይህን ሁሉ በርበሬ ለስምንት ቀን?»

«የሰው አገር ምግብ አይጥምሽም» አለች።

ዓመት የሚያስከርም በርበሬ ነበር። ዕንባዬ መጣ። ይቺ ሴትዮ ብቻዋን መቅረቷን አምናለች፣ እኔ ደግሞ ባሕር አማረኝ ብዬ ጥያት እሄዳለሁ አልኩ። ትኬቱ ገንዘቡ የሚመለስ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ እተወው ነበር። ርካሽ ትኬት ግን አይመለስም፤ ወኪሏ አጥብቃ ነግራኛለች። እዚያች ላይ እግዚአብሔር ይስጣት።

በበደሌ፣ በጅማ አድርጌ አዲስ አበባ ገባሁ። አውሮፕላን ጣቢያው ላይ ፓስፖርቴን የያዘው ሰውዬ ወደ ፎቶዬም ወደ እኔም አየ። «ብቻሽን ነሽ? ለምን ጉዳይ ነው?»

«ለእረፍት።»

«የመመለሻ ትኬት አለሽ?»

አሳየሁት።

«በእርግጥ ትመለሻለሽ?»

ትዕግሥቴ አለቀ። «እናት አለችኝ» አልኩት። ሌላ ሳይጠይቅ አሳለፈኝ።

ያረፍኩት በደሴቲቱ ምሥራቅ በኩል፣ አንዲት መንደር ውስጥ፣ ከባሕሩ ትንሽ ገባ ያለ ቤት ነው፤ ባሕሩ ዳር ያሉት ውድ ናቸው። ባለቤቲቱ ባለ አበባ ጨርቅ የምትከናነብ ወፍራም ሴት ነበረች፤ ዳዳ፣ እህቴ፣ እያለች ትጠራኛለች። የደረስኩት ሲመሽ ስለሆነ ባሕሩን አላየሁትም። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ሮጥኩ። ባሕሩ አልነበረም። አሸዋው እስከ ዓይን ጫፍ ድረስ እርጥብ ሆኖ ተዘርግቷል፣ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር ሣር ይለቅማሉ፣ ጀልባዎቹ በጎናቸው ተጋድመዋል፤ ውኃ የለም። ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩበት ባሕር ደርቆ የጠበቀኝ መሰለኝ። ተመልሼ ባለቤቲቱን ስጠይቃት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ባሕሩ በየቀኑ ይሄዳል፣ ይመለሳል አለችኝ በእጇ እያሳየች። እኛ ቤት ይህን ማን ያምናል አልኩ በሆዴ።

ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ልክ እንደ ፎቶው። እግሬን ነከርኩ፤ ሞቅ ያለ ነው። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ ብቻዬን፣ ማንም አላየኝም። ያን ሰዓት በሕይወቴ ካሉኝ ጥሩ ሰዓቶች አንዱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ዝናቡ ጀመረ። የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነበር። አልጋዬ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ያንኑ ድምፅ፣ ከመቱ ሸሽቼው የመጣሁትን ድምፅ፣ ቀኑን ሙሉ ሰማሁ። በማግስቱም ሰማሁ። ልብሴ አልደርቅ አለ። ወጥቼ እዞራለሁ፣ በስብሼ እመለሳለሁ፣ እንደገና እወጣለሁ። ባለቤቲቱ ወጥ ቤት ገብቼ በበርበሬ የሠራሁትን ወጥ ቀምሳ ዓይኗ አለቀሰ፤ ቢሆንም ደገመች። እናቴ ጋ ስደውል ድምፅዋ ፈካ ያለ ነው። ከጀርባዋ የሰው ሳቅ ይሰማኛል። «እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ፤ ለስልክ ገንዘብ አታባክኚ» ትልና ትዘጋለች። ለእኔ ስትል የምታስመስል መሰለኝ፤ ይበልጥ አዘንኩ።

አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ባሕሩ ዳር ቁጭ አልኩና አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ባልመለስስ? ባለቤቲቱ ሰው ያስፈልጋታል፤ በርበሬው ዓመት ያደርሰኛል። ለቡና ለቀማ አልወርድም፣ እድር የለም፣ «እናቴን ለማን ትቼ» የለም። ሐሳቡ ሲጣፍጠኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ተናደድኩ፤ በእናቴ። እዚያው አሸዋ ላይ ተቀምጬ፣ በርቀት ያለችውን አሮጊት፣ ደም ብዛቷን፣ ብቸኝነቷን፣ የሚያስረኝን ሁሉ ረገምኩ። እሷ ባትኖር ኖሮ የት በደረስኩ አልኩ። ወዲያው አፌን ያዝኩ፤ በቃል ያወጣሁት ይመስል። የቀሩትን ቀናት ያሳለፍኩት በዚህ ጸጸት ነው። መሄጃዬ ሲደርስ ባለቤቲቱ ትንሽ ብትቆዪ ባሕሩ ይጠራ ነበር አለችኝ። እናት አለችኝ አልኳት፤ ገባት፤ ደረቷን ነካች።

መቱ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው፣ በዝናብ። የግቢያችንን በር አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ የማላውቃት ወጣት ሴት ናት፣ ፀጉሯ ላይ ፎጣ ጠቅልላ።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ በትሕትና።

ቤት የተሳሳትኩ መስሎኝ የጎረቤቱን አጥር አየሁ። አልተሳሳትኩም። ከኋላዋ በተከፈተው በር ክፍሌ ይታየኛል፤ አልጋዬ ላይ የሌላ ሰው አንሶላ ተነጥፏል፣ ግድግዳው ላይ የሌላ ሰው ነጭ ጋውን ተሰቅሏል። ሆስፒታል የተመደበች አዲስ ነርስ ነበረች፤ ክፍሌን ተከራይታለች።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው። ደስታ አልነበረበትም። የሸጠችው በግ ማታ ደጇ ላይ ቆሞ ያገኘች ሴት ፊት ነበር።

«ምን ሆነሽ መጣሽ?» አለችኝ።

«ስምንት ቀኔ አልቆ ነዋ!»

እትዬ ድምፅ ሰምተው በአጥሩ በኩል መጡ። የእኔን አረንጓዴ ሹራብ ለብሰዋል። «ማል ተኤ ልጄ? ምን ሆንሽ? አባረሩሽ?» አሉና ሹራቡን እዚያው ማውለቅ ጀመሩ። ተዉት አልኳቸው። ሌሎቹም ልብሶቼ እንዲሁ ሄደዋል፤ ጫማዬ ለአንዷ፣ ነጠላዬ ለአንዷ። የሄደ ሰው ልብስ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አይሻግትም፤ ልማዳችን ነው፤ የወንድሜንም የእህቴንም አብሬ አከፋፍያለሁ። የእኔ ይከፋፈላል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

ነርሷ በሃፍረት ክፍሏ ገብታ ዘጋች። እትዬም ሄዱ፤ እኔና እናቴ ሳሎን ገባን።

«አልነገርኩሽም? ስንቴ ስምንት ቀን ነው አልኩሽ?»

«ሁሉም እንዲያ እያሉ ነው የሄዱት» አለች። «ለወንድምሽ መንገድ ተስዬ ለማርያም ጃንጥላ አገባሁ። ለእህትሽም አገባሁ። የአንቺን ባለፈው እሑድ ነው ያገባሁት፤ ሴቶቹ እልል አሉልኝ። ይቺኛዋም ወጣች ብዬ እፎይ አልኩ።»

«እፎይ?»

«እፎይ ነዋ። ሰው ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? ልጇን ይዛ አስቀረቻት ነው የሚሉኝ። አርባ ዓመት ሊሞላሽ ነው፣ ከእኔ ጋር ጎመን ትቀነጥሻለሽ።»

ደሜ ፈላ። «እኔ እኮ የቀረሁት አንቺን ብዬ ነው! ሥራውን ያህል ነገር የተውኩት ለማን ነበር?»

«እኔ ቅሪ ብዬሽ አውቃለሁ?»

አዲስ አበባ ሥራ ያገኘሁ ጊዜ ደሟ ሲነሳ አልጋዋ ላይ ሆና ያለችኝ ትዝ አለኝ፤ «ሂጂ፣ ጎረቤት አለኝ» ነበር ያለችኝ። በሌላውም ጊዜ ያንኑ ነው ያለችው። ሻንጣውን የፈታሁት እኔ ነኝ። የመለሰችልኝን «እሺ» ሳስታውሰው፣ ያን ሁሉ በርበሬ ሳስታውሰው፣ ፍርሃት ብዬ ያነበብኩት ተስፋ ነበር። ልጄ ሄደችልኝ ብላ በሙሉ ልቧ ደስ ብሏት ነበር። እኔ ደሴቱ ላይ ቁጭ ብዬ አሰረችኝ ብዬ ስረግማት እሷ እዚህ እልል ይባልላት ነበር።

ያን ምሽት አልጋዋ ላይ ከጎኗ አደርኩ፤ ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ጀርባ ተሰጣጥተን ተኛን።

ጠዋት ስነሳ በረንዳው ላይ ትሪ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ዝናቡ ቆሟል። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እግሬ መነቃነቅ ጀመረ፤ ጉልበቴን አልያዘችውም።

«ባሕሩ እንዴት ነው?» አለች።

«ይሄዳል፣ ይመለሳል።»

«አንቺንም አስተማረሽ» አለች። ሳቋን ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። ጠጠር አውጥታ ጣለች። ቀና ሳትል፣ «እናትሽ ሆኜ ነው እንጂ ጎረቤትሽ ብሆን ኖሮ እስካሁን ትተሽኝ በሄድሽ ነበር» አለች። «እስቲ እንደ ጎረቤት እዪኝ።»

«እንዴት አድርጌ ነው እንደ ጎረቤት የማይሽ?»

«አላውቅም። ሞክሪው።» ትሪውን አወዛወዘች። «ያቺ የቢሮሽ ልጅ ሌላ ደሴት ታፈላልግልሽ። ይህኛው ቅርብ ስለሆነ ነው የተመለስሽው። ራቅ ያለ ይሁን።»

«ራቅ ያለው ውድ ነው እማዬ።»

«ክፍልሽ ተከራይቷል» አለችኝ። «ኪራዩን እያስቀመጥኩልሽ ነው።»